ግድግዳው ይቀባልን ያለው ማነው? ስለ ወጣቶች የከተማ አገልግሎት ጉዞ የደረሱኝ ጥያቄዎች

የትምህርት እረፍት ሲቃረብ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ይቀየራል። የትዳርና የሥራ ጥያቄ ቀነስ ይላል። የወጣት ኅብረት መሪዎች፣ ወላጆችና ራሳቸው ወጣቶቹ ይበዛሉ። ሁሉም የሚጽፉልኝ ስለ አንድ ነገር ነው፦ በቡድን ሆኖ ለጥቂት ቀናት ትልቅ ከተማ ገብቶ ስለ ማገልገል። መጠለያ ውስጥ መሥራት፣ ጎዳና ላይ የሚኖሩትን መርዳት፣ ወንጌል መመስከር። እኔም መጀመሪያ ተሳታፊ፣ ኋላ መሪ ሆኜ ደጋግሜ ሄጃለሁ። ስህተቶቼን ስለማልረሳቸው፣ መልሶቼ ውስጥ አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

«18 ልጆች ይዤ ለ5 ቀን እሄዳለሁ። ዕቅዳችን ጠዋት የመጠለያውን ግድግዳ መቀባት፣ ቀን የልጆች ፕሮግራም፣ ከሰዓት የጎዳና ላይ ምስክርነት፣ ማታ ምግብ ማደል ነው። የቀረን ነገር አለ?»

የቀረ የለም፤ የበዛ ነው እንጂ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ግድግዳው ይቀባልን ያለው ማነው? ደብዳቤህ ውስጥ «ዕቅዳችን» የሚል ቃል አለ፤ «ጠየቁን» የሚል ግን አላየሁም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዳይሆንብህ።

አንድ ጊዜ ከቡድኔ ጋር የአንድ መጠለያ አዳራሽ ሦስት ቀን ሙሉ ቀባን። ላባችን ጠብ እስኪል ሠራን፤ ዘመርን፤ በሥራችንም ኮራን። በመጨረሻው ቀን ከጥበቃው ጋር ቆመን ስንጫወት «ባለፈው ወር የመጡት ሰማያዊ ነበር የቀቡት» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ለካ በሦስት ወር ውስጥ ሦስተኛዎቹ ቀቢዎች ነን። የቤቱ ሰዎች እንግዳ ማሳፈር ከብዷቸው ዝም ብለዋል። በዚያው ሳምንት ምድር ቤቱ ውስጥ የተከመረ የእርዳታ ልብስ የሚለየው አጥቶ እየሻገተ ነበር።

ስለዚህ ስልክ ደውል። ኃላፊውን ብቻ አይደለም፤ የምታበስለዋንም፣ አንሶላ የሚያጥበውንም አነጋግር። እኛ ባንመጣ ሳይሠራ የሚቀረው ሥራ የትኛው ነው በላቸው። ከሄድን በኋላ ማን ይቀጥለዋል በላቸው። ደግሞም ስንመጣ ከየትኛው ሥራችሁ እናስተጓጉላችኋለን ብለህ ጠይቅ። ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው አይጠይቃትም። 18 እንግዳ የሚያስተናግድ ሠራተኛ ያን ቀን የራሱን ሥራ አይሠራም።

የምታገኘው መልስ ምናልባት አሰልቺ ይሆናል። ብርድ ልብስ ማጠብ፣ መጋዘን ማስተካከል፣ የስም ዝርዝር ኮምፒውተር ላይ መጻፍ። ልጆችህ ቅር ሊላቸው ይችላል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አብራችሁ አንብቡ። ለመበለቶች በሚታደለው ምግብ የተነሳው ማጉረምረም የተፈታው ሰባት ሰዎች ተመርጠው ሥራውን ሲረከቡ ነው። የሰባቱም ስም ግሪክኛ ነው፤ ያጉረመረሙትም ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ነበሩ። ችግሩ ለገባቸው ሰዎች የሰጡት ይመስለኛል።

የልጆቹን ፕሮግራም የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ካልጠየቀችህ ሰርዘው። ግማሽ ቀን ደግሞ ባዶ ተው። አንድ ሰው «ኑ እስቲ ይህን አግዙኝ» ሲል ጊዜ ይኖርሃል።

«አንድ ዓይነት ቲሸርት እናሠራ ወይስ ይቅር?»

ጣቢያ ውስጥ እንዳትጠፋፉ ከሆነ አሠሩ። ጎዳና ላይ ከሰው ጋር ስትቀመጡ ግን ጃኬት ደርቡበት። 18 ሰው አንድ ቀለም ለብሶ ሲከበው የማይደነግጥ የለም።

«19 ዓመቴ ነው። ከማላውቀው ሰው ጋር ማውራት ያስፈራኛል። መሪያችን ደግሞ በቀን ለ5 ሰው ትመሰክራላችሁ ብሎናል። ልቅር?»

አትቅሪ። መቅረት ያለበት ቁጥሩ ነው። ሰው ኮታ ማሟያ ሲሆን ይገባዋል፤ ጎዳና ላይ የሚውል ሰው ደግሞ ከሁላችንም ፈጥኖ ይገባዋል።

ዓይነ ስውሩ በርጤሜዎስ ምን እንደሚፈልግ ለማንም ግልጽ ነበር። ጌታ ግን «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ብሎ ጠየቀው። አንቺም ከመጠየቅ ጀምሪ። ሰውየው ቁጭ ካለ ቁጭ በይ፤ ቆመሽ ቁልቁል አታናግሪው። ስምሽን ንገሪው፣ ስሙን ጠይቂው፣ ስትለያዩ በስሙ ተሰናበቺው። «ጎዳና እንዴት ወጣህ?» ብለሽ አትጀምሪ። ያን ታሪክ ለስንቱ አላፊ አግዳሚ እንደተረከው እሱ ነው የሚያውቀው። የተኛ ሰው ደግሞ አትቀስቅሺ። ሌሊቱን ነገር ሲጠብቅ ያደረ፣ እንቅልፍ የሚያገኘው ቀን ላይ ነው።

ብቻሽን አትሂጂ። ሉቃስ 10 ላይ የተላኩትም ሁለት ሁለት ሆነው ነው። ተናጋሪ ጓደኛ ካለሽ አብራችሁ ውጡ። እሷ ስታወራ አንቺ ስሚ። ስለ እምነትሽ ከጠየቀሽ የምታውቂውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሪው። ካልጠየቀሽም የአንድ ሰዓት ጨዋታ በከንቱ አልሄደም። ይህን ለመሪሽ አሳዪው፤ ከተቆጣ በእኔ አሳብቢ።

«የ16 ዓመት ልጄ ልትሄድ ነው። እንድፈርም የተላከልኝ ወረቀት ግማሽ ገጽ ነው። ብዙ ብጠይቅ እምነት የጎደለኝ እንዳይመስል ፈራሁ።»

ይጠይቁ እህቴ። ሳያፍሩ ይጠይቁ። «የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው» ተብሎ ሳይጠየቅ የታለፈ ሰው ያደረሰውን ጉዳት በብዙ አገር አይተናል።

ከማታው ይጀምሩ። የት ነው የሚያድሩት? ሴቶቹና ወንዶቹ የተለያየ ክፍል አላቸው ወይ? በየክፍሉ አቅራቢያ የሚያድሩት አዋቂዎች እነማን ናቸው? አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በዝግ ክፍል ወይም መኪና ውስጥ ብቻውን እንዳይሆን የሚከለክል ደንብ ተጽፏል ወይ? አብረው የሚሄዱት አዋቂዎች ከዚህ በፊት በልጆች ጉዳይ የተከሰሱ አለመሆናቸውን ያጣራ አለ ወይ?

ቀጥሎ ሹፌሩ። ይህን የምለው ከልምድ ነው። የወጣት መሪ ሌሊቱን ሲያስጸልይና ልጅ ሲያስተኛ አድሮ ጠዋት መሪ መጨበጥ ይወዳል። እንቅልፍ ደግሞ መንፈሳዊ ነህ ብሎ አይምርም። የሚነዳው ሰው የተኛ መሆን አለበት።

ከዚያ ጤና። የልጅዎን መድኃኒትና አለርጂ የያዘው ዝርዝር በማን እጅ ነው? የጽዳት ወይም የግንባታ ሥራ ካለ የቴታነስ ክትባቷን ይመልከቱ፤ የማጠናከሪያው በየ10 ዓመቱ ነው የሚሰጠው። የከተማ ቆሻሻ ሲያነሱ ያገለገለ መርፌ ሊያጋጥም ይችላል። ልጆች አይነኩትም። ወፍራም ጓንት ያደረገ አዋቂ በመቆንጠጫ አንስቶ ጠንካራ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይጨምረዋል። መሪው ይህን ሳያመነታ ከመለሰልዎ የተዘጋጀ ሰው ነው።

ስልኳን አይቀሟት። ቡድኑ ስልክ የሚሰበስብ ከሆነ ሲያስፈልጋት እንዴት እንደምትደውልልዎ ይወቁ። በሁለታችሁ መካከል ብቻ «ነይ ውሰጂኝ» ማለት የሆነች አንዲት ተራ ቃል ተስማሙ።

መሪው በጥያቄዎ ከተናደደ ልጅዎን አይላኩ።

«ምግብ ከማደላችን በፊት 20 ደቂቃ ስብከት እንዲሰሙ ብናደርግስ? አለዚያ በልተው ይሄዳሉ።»

በልተው ይሂዱ!

እ.ኤ.አ. በ1845 በጀመረው የአየርላንድ ረሃብ ጊዜ አንዳንድ ሰባኪዎች ሾርባ የሚሰጡት ሃይማኖቱን ለሚቀይር ነው ተባለ። ለሾርባ ብሎ እምነቱን ቀየረ የተባለ ሰው «ሾርባውን ወሰደ» ተብሎ ተሰደበ። ስድቡ ለትውልድ ተረፈ፤ ዘሩም አብሮ ተሰደበበት። በዚያው ረሃብ ኩዌከሮች የተባሉት ክርስቲያኖች ደግሞ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ሾርባ አበሉ። አየርላንዶች እስከ ዛሬ በምስጋና ያነሷቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1865 በምሥራቅ ለንደን ሥራ የጀመሩት ዊልያምና ካተሪን ቡዝ ስብከት የሚያፍሩ ሰዎች አልነበሩም። ሥራቸው ኋላ የድኅነት ሠራዊት (ሳልቬሽን አርሚ) ሆነ። የሠራዊቱ መፈክር ግን «ሾርባ፣ ሳሙና፣ ድኅነት» ነበር። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ።

የተራበ ሰው ስብከት ሰምቶ «አሜን» ቢል፣ አሜኑ ለእግዚአብሔር ይሁን ለሾርባው በምን ታውቃላችሁ? አብሉ። ሲጨርሱ «በሚቀጥለው ክፍል መዝሙርና ጸሎት አለን፤ የወደደ ይምጣ» በሉ። የመውጫውን በር ክፍት አድርጉት። ሦስት ሰው ቢመጣ ሦስቱ ወደው ነው የመጡት።

«ፎቶ እንዳናነሳ መጠለያው ከለከለን። ወጪያችንን የሸፈኑት ሰዎች ግን ማየት ይፈልጋሉ። አላበዙትም?»

አላበዙትም። ከሚደበድባት ሰው አምልጣ እዚያ የተጠለለች ሴት ልትኖር ትችላለች። ከኋላችሁ የታየ አንድ የበር ቁጥር ለሚፈልጋት ሰው አድራሻ ነው። ሰልፊያችሁ ላይ «ሎኬሽን» ስትጨምሩማ ጨረሳችሁላት።

ያ ባይኖርም፣ አንድ ሰው በሕይወቱ ክፉ ቀን የእናንተ ገጽ ላይ የሚወጣበት ምክንያት አይታየኝም። የእናንተ አባት ቢሆንስ? ለረዷችሁ ሰዎች የታጠቡትን ብርድ ልብሶች አንስታችሁ ላኩ። ከመጠለያው ኃላፊ የምስጋና ደብዳቤ ለምኑ። ደረሰኞቹንም አያይዙ። ከፎቶ ይልቅ ደረሰኝ የሚያስደስተው ለጋሽ አውቃለሁ፤ እድሜ ይስጠው።

«ቤታችን አብስለን ይዘን ብንሄድ ይሻላል ወይስ የታሸገ?»

ትኩሱን እንደ ትኩስ ማቆየት ካልቻላችሁ የታሸገ። ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መውረድ የለበትም። ወርዶ 2 ሰዓት ከቆየ አይታደልም፤ ይጣላል። መጸዳጃ ቤት በቅርብ የሌለውን ሰው ሆዱን ማበላሸት ግፍ ነው። ጥርስ የሌለው ብዙ ስለሆነ ለስለስ ያለ ነገርም ያዙ። ካልሲ ደግሞ አትርሱ። ጎዳና ላይ የምታገኙትን ማንንም ጠይቁ፣ አዲስ ካልሲ ይወዳል።

«አባቴ ‹የአውቶቡሱንና የማደሪያውን ገንዘብ ለመጠለያው ብትልኩት አይሻልም?› ብሎ አፋጠጠኝ። መልስ አጣሁ።»

አባትህ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቁህ። አንዳንዴ መልሱ «አዎ፣ ይሻላል» ነው። መጠለያውን ራሱን በግልጽ ጠይቁ፤ ገንዘቡን ከመረጠ ላኩለትና ቤታችሁ ቅሩ።

መሄዱ ከተመረጠ ደግሞ ስሙን አናስዋብ። የጉዞው ግማሽ ጥቅም ለእናንተው ነው፤ ልትማሩ ነው የምትሄዱት። ይህን ገንዘብ ለሚሰጧችሁ ሰዎች ንገሯቸው። ከምትሰበስቡትም ለመጠለያው የሚሆነውን ድርሻ ቀድማችሁ መድቡና ሳትነሱ ላኩ። ገንዘቡን አንድ ሰው ብቻውን አይቁጠረው። ጳውሎስ እንኳ የእርዳታ ገንዘብ ሲያደርስ ሰው ክፉ እንዳይጠረጥረው ሌሎችን አብሮ ይልክ ነበር፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ ታገኘዋለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጆርጅ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ሠራተኛ ነበር። 22 ዓመቱ ነው። ከ11 ጓደኞቹ ጋር እንደ እነሱ ከገጠር መጥተው ሱቅ ለሚሠሩ ወጣቶች ማኅበር መሠረቱ። ዛሬ ወወክማ የምንለው እሱ ነው። አውቶቡስ አልተሳፈሩም፤ የሚሠሩበትና የሚያድሩበት ቦታ በቃቸው። እ.ኤ.አ. በ1884 ደግሞ ቄስ ሳሙኤል ባርኔትና ባለቤታቸው ሄንሪታ በዚያው ከተማ ድሃ ሰፈር ውስጥ ቶይንቢ ሆልን ሲከፍቱ፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች መጥተው ከድሃው ጋር ጎረቤት ሆነው እንዲኖሩ ነው የጋበዙት። ከአባትህ ጋር ተቀምጣችሁ እናንተ ከምትኖሩበት ጥቂት ጎዳና አልፎ ማን እንዳለ አስቡ። ለዚያ የትራንስፖርት ወጪ የለውም።

«ባለፈው ዓመት መጠለያ ውስጥ አንድ የ8 ዓመት ልጅ ተዋወቅሁ። ስንለያይ አልቅሶ ያዘኝ። ‹በቅርቡ እመለሳለሁ› አልኩት። አልተመለስኩም፤ ዘንድሮ የምንሄደው ሌላ ከተማ ነው። ልጁ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።»

እኔም እንዲህ ያለ ቃል ሰጥቼ አውቃለሁ። ልጅ ሲያለቅስ አፍ የመጣለትን ይናገራል።

መጀመሪያ ስለ ልቅሶው። መጠለያ ውስጥ ያደጉ ብዙ ልጆች የመጣውን እንግዳ ሁሉ ቶሎ ይጠመጠሙበታል። እኛ ፍቅር ይመስለናል፤ ደስም ይለናል። ብዙ ሰው መጥቶ የሄደበት ልጅ ግን እንዲህ ይሆናል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዞሽ ልጆቹን የምታጫውተው የሁልጊዜ አሳዳጊያቸው ትሁን፤ አንቺ ኳሱን አቀብያት። ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮም «ዓርብ እንሄዳለን» በያቸው።

አሁን ለልጁ። በቀጥታ አትደውይለት። አሳዳጊውን አግኚና «ስለ እኔ ይጠይቃል ወይ?» በያት። አይጠይቅም ካለችሽ ተይው፤ ያንቺን ጸጸት ለማቅለል ብለሽ አትቀስቅሺው። ይጠይቃል ካለችሽ አጭር ደብዳቤ ጻፊና እሷ ታንብብለት። እመለሳለሁ እንዳልሽው፣ እንደማትመለሺ፣ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ጻፊ። አብራችሁ ያደረጋችሁትን አንድ ነገር በስሙ ጥሪለት፤ ኳስም ይሁን ሥዕል። ሌላ ቃል ግን አትግቢ፤ «አንድ ቀን» የምትለዋንም ቢሆን። ስጦታም አትጨምሪበት።

ከመላክሽ በፊት ላኪልኝ ካልሽ አነብልሻለሁ። ከአንድ ገጽ አይለፍ።