በዓመት ሁለቴ ላስወልዳት ወይ ብለው ለጠየቁት

«ሴት ውሻዬ በዓመት ሁለት ጊዜ ወንድ ትፈልጋለችና፣ ሁለቱንም ጊዜ ባስወልዳት ትጎዳለች ወይ?» ብለው ከመሐል ሜዳ ለጠየቁት ወንድሜ፦ አዎን፣ ትጎዳለች። እኔ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ይህንኑ ስላደረግሁ የደረሰብኝን ልጻፍልዎ።

አንደኛ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላት አያስወልዷት። ሁለተኛ፣ ከወለደች በኋላ የሚመጣውን ወንድ የምትፈልግበትን ወቅት ይዝለሉት፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አይሁን። በሁለት ዓመት ሦስቴ የምትወልድ በግ እያየን ስላደግን ውሻዋም እንደዚያው ትመስለናለች፤ ነገር ግን በጓ በአብዛኛው አንድ ግልገል ስታጠባ የእኔዋ በአንድ ጊዜ ስምንት ቡችሎች አጥብታለች።

ሦስተኛው የካልሲየም ነገር ነው፤ እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የመጀመሪያዎቹ ቡችሎች ግንቦት ላይ ተወልደው በጥሩ ዋጋ ስለ ተሸጡ ገንዘቡ ጣፈጠኝና ጥቅምት ላይ እንደ ገና ከወንድ ጋር አገናኘኋት። የጎድን አጥንቷ ገና የሚቆጠር መሆኑን ያየ ጎረቤቴ «ኧረ ተዋት» ቢለኝም፣ ከመድኃኒት ቤት የሰው የካልሲየም ክኒን እየገዛሁ እርግዝናዋን ሙሉ በገንፎ ደባልቄ አበላኋት። ለካስ በእርግዝና ጊዜ ካልሲየም ከውጭ ሲትረፈረፍላት ሰውነቷ ከአጥንቷ ማውጣቱን ስለሚተው፣ ወተቱ በብዛት በሚፈስበት ሰሞን በደሟ ውስጥ ያለው በአንዴ ያሽቆለቁላል።

በወለደች በሦስተኛው ሳምንት፣ የጥር ውርጭ ሣሩን ባነጣበት ሌሊት፣ እያለከለከች ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለስ ጀመር፤ እግሮቿ እንደ እንጨት ደርቀው እየተንቀጠቀጡ የገዛ ቡችሎቿን ትረግጥ ነበር። ሲነጋ በባጃጅ ክሊኒክ ባደርሳት፣ ካርድ የሚያወጣው ሰው «እኛ ከብትና በግ ነው የምናክመው፤ ለውሻ ደግሞ ይህን ያህል ምን አስሮጠህ?» ብሎ ከበር አቆመኝ። ወረፋ የያዘ ገበሬ ቢኖር ባልከፋኝ፤ እርሱ ግን ስልኩን ነበር የሚነካካው። ጩኸቴን ሰምቶ የወጣ አንድ ወጣት ሐኪም ካልሲየሙን በደም ሥሯ በጣም ቀስ አድርጎ፣ ልቧን እያዳመጠ ሰጣትና መንቀጥቀጡ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ረገበ። ቢቸኩል ኖሮ ልቧ ሊቆም ይችል እንደ ነበር የነገረኝ በኋላ ነው።

ቡችሎቹን ለይቼ ሌሊቱን ጭምር በየአራት ሰዓቱ በጡጦ እያጠባሁ ስድስቱን አተረፍሁ፤ ስንት ሌሊት እንዳልተኛሁ ባለቤቴ ትመስክር። ስለዚህ እርጉዝ ሳለች ክኒኑን አይስጧት፤ ከወለደች በኋላም ሐኪም ሳያዝዝ አይጀምሩ። ከዚያ ወዲህ አሳርፌ ሁለቴ ብቻ አስወለድኋትና ስድስት ዓመት ሳይሞላት አቆምሁ።

ወቅቱን ሲያሳልፏት ደግሞ ሦስት ሳምንት ያህል ግቢው ውስጥ እንኳ ብቻዋን አይልቀቋት፤ የሰፈር ወንድ ውሻ አጥር ይዘላል። እኔ ማገዶ ቤቱን አጽድቼ እዚያ አሳድራታለሁ፤ ቁልፉም፣ ልጆቹ አዝነው እንዳይከፍቱላት፣ ከኪሴ አይወጣም።