ከዕፅዋት ዘይት የተሠራ ሳሙና የት ይበረታል፣ የት ይደክማል?

ጥያቄውን ላላነበባችሁ ባጭሩ ላስታውስ። እህታችን ቤታቸውን በሙሉ ከዕፅዋት ዘይት በተሠራ ፈሳሽ ሳሙና ማጽዳት ጀምረዋል። በምድጃው አካባቢ ውጤቱ አስደስቷቸዋል። የመታጠቢያ ቤቱ መስታወትና ሴራሚክ ግን ነጭ ነገር ለብሷል። ያንን ለማስለቀቅ ሳሙናውን ከኮምጣጤ ጋር ቢቀላቅሉት ድብልቁ እንደ ተበላሸ ወተት ተቋጠረ። «ሳሙናው ተበላሽቶ ይሆን? ለመሆኑ ጀርም ይገድላል?» ብለው ጠይቀዋል።

ሳሙናው ደህና ነው፤ አይጣሉት። እኔ ለዓመታት በቤቴ ዋና ማጽጃ አድርጌ የምጠቀመው ይህንኑ ዓይነት ነው። በነዚህ ዓመታት የተረዳሁት፣ ሰዎች በዚህ ሳሙና ተስፋ የሚቆርጡት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነገሮች ምክንያት እንደሆነ ነው፦ በውሃቸው ዓይነትና በአሲድ። እርስዎን የገጠመዎት ሁለቱም በአንድ ላይ ነው።

ሳሙና የሚገኘው ዘይት ከጠንካራ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ ከሆነ ኬሚካል) ጋር ሲዋሐድ ነው። አልካሊው ኮስቲክ ሶዳ ከሆነ ደረቅ ሳሙና ይወጣል፤ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከሆነ ደግሞ የእርስዎ ዓይነት ፈሳሽ ሳሙና። መጠኑ በትክክል ከተለካ አልካሊው በውህደቱ ያልቃል፤ የሚቀረው የቅባት አሲድ ጨው፣ ማለትም ሳሙናው ራሱ፣ እና ግሊሰሪን ነው። ስለዚህ «ያለ ምንም ኬሚካል የተሠራ ሳሙና» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ አትመኑ፤ ያለ አልካሊ የተሠራ ሳሙና በዓለም ላይ የለም። የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ቅባትን፣ ሌላው ጫፉ ውሃን ይወዳል። ቅባቱን ከቦ ይይዝና በውሃ ታጥቦ እንዲሄድ ያደርገዋል። ምድጃዎ ላይ ያስደሰተዎት ይህ ሥራው ነው።

አሁን ወደ ነጩ ነገር እንምጣ። በብዙ ቦታ የቧንቧና በተለይም የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይበዛበታል። ሳሙናው ከነዚህ ማዕድናት ጋር ሲገናኝ በውሃ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ እሱ ነው መስታወትና ሴራሚክ ላይ የሚለጠፈው። ሳሙና በጨመሩ ቁጥር ዝቃጩም ይጨምራል። ሰው ደግሞ «አልጸዳም» እያለ ሳሙና ይደርባል፤ ችግሩም በዚያው ይባባሳል። ውሃዎን መፈተን ቀላል ነው። ንጹሕ ጠርሙስ እስከ ግማሽ በውሃ ይሙሉ፣ ጥቂት ጠብታ ሳሙና ይጨምሩ፣ በደንብ ይነቅንቁት። አረፋው ወፍራም ሆኖ ከሥሩ ያለው ውሃ ጥርት ካለ ውሃዎ ለሳሙና ይመቻል። አረፋው ትንሽ ሆኖ ውሃው ከደፈረሰ ማዕድን በዝቶበታል። ለማነጻጸር የዝናብ ውሃ ካለዎት በሌላ ጠርሙስ ተመሳሳዩን ይሞክሩ፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ኮምጣጤው ምን አደረገ? ሳሙና አልካሊ ነው፤ ፒኤች መጠኑ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው፤ 7 መካከለኛ ነው) አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ኮምጣጤ ግን አሲድ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አሲዱ ሳሙናውን ያፈርሰውና ወደ ቅባት አሲድነት ይመልሰዋል። ተቋጥሮ ያዩት ነጭ ነገር ያ ነው፤ ከዚያ በኋላ አያጸዳም፣ ይልቁንም ራሱ መጽዳት ይፈልጋል። ሎሚና ሲትሪክ አሲድም እንደዚሁ ያደርጋሉ። «ሳሙናና ኮምጣጤ ቀላቅሉ» የሚለው ምክር በየቦታው ሲዞር ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ ሁለት ጥሩ ማጽጃዎችን በአንድ ጊዜ ማባከን ነውና።

በተራ ግን ሁለቱም ይጠቅማሉ። አሁን ለተለጠፈብዎት ነጭ ነገር ኮምጣጤና ውሃ እኩል አድርገው ይርጩበት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይተዉት፣ በስፖንጅ ፈትገው በብዙ ውሃ ያጥቡት። እምነበረድና ሌላ የኖራ ድንጋይ ላይ ግን ኮምጣጤ እንዳያስነኩ፤ አሲድ ድንጋዩን ይበላዋል። ከዚያ ወዲያ መስታወቱን በሳሙና ባያጸዱት ይሻላል። እኔ ለመስታወት ሳሙና አልጠቀምም፤ ከታጠብኩ በኋላ ውሃውን በጎማ መጥረጊያ አወርደዋለሁ፣ አልፎ አልፎ በቀጠነ ኮምጣጤ እወለውለዋለሁ።

ሳሙናው የሚያምርበት ቦታ ወጥ ቤት ነው። ለአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ 4 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሬ ምድጃ፣ የቁም ሳጥን በርና እጀታ፣ የቆሻሻ መጣያ ክዳን በዚያ እጠርጋለሁ። ቅባቱ ከደረቀ አርጥቦ 5 ደቂቃ መታገሥ ነው፤ መፈተግ የሚቀልለው ከዚያ በኋላ ነው። ያረረ ነገር ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ሳሙናውን ከላይ ማፍሰስ ይቻላል፤ ሁለቱም አልካሊ ስለሆኑ አይጣሉም። መጨረሻ ላይ በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅ ደግሞ መጥረግ ግዴታ ነው። ይህን የሚዘልሉ ሰዎች ናቸው በኋላ «ያጣብቃል፣ አቧራ ይስባል» የሚሉት። ለወለል ደግሞ ለ10 ሊትር ውሃ 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ ወለሉ ያንሸራትታል፣ ሕፃናትና አረጋውያን ባሉበት ቤት አደጋ ነው።

አረፋው ትንሽ ነው ብለው አይከፉ። ከወይራ ዘይት ብቻ የተሠራ ሳሙና ለእጅ ለስላሳ ነው፣ አረፋው ግን ስስ ነው። የኮኮናት ዘይት የበዛበት ቶሎ አረፋ ያወጣል፣ ቅባትም በኃይል ያነሣል፣ ቆዳን ግን ያደርቃል። እኔ ለዕቃና ለወለል የኮኮናት የበዛበትን፣ እጄ ብዙ ለሚነካው ሥራ የወይራውን እመርጣለሁ። በምልክት ወረቀቱ ላይ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የሚል ካዩ ሰው ሠራሽ ማጽጃ ገብቶበታል፤ ሶዲየም ታሎዌት ማለት ደግሞ ከእንስሳ ሞራ የተሠራ ነው።

ስለ ጀርም የጠየቁት በጣም አስፈላጊ ነው። ሳሙና በዋናነት ጀርሙን ከነቆሻሻው አላቅቆ በውሃ ያስወግደዋል። እንደ ኢንፍሉዌንዛና ኮሮና ያሉ የቅባት ሽፋን ያላቸውን ቫይረሶች ሽፋናቸውን ያፈርሰዋል። ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው ኖሮቫይረስ ግን እንዲህ ያለ ሽፋን ስለሌለው ሳሙና አያፈርሰውም። ለዕለት ጽዳት ሳሙና ይበቃል። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት ሰሌዳ ወይም ያስታወከ ሰው የነካው ወለል ሲሆን ግን መጀመሪያ በሳሙና አጥቤ፣ በደንብ አለቅልቄ፣ ከዚያ በኋላ ለብቻው በውሃ የቀጠነ በረኪና እጠቀማለሁ፤ በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ኃይሉ ይደክማልና። በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከአሞኒያ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ከአሲድ ጋር የክሎሪን ጋዝ፣ ከአሞኒያ ጋር ክሎራሚን ይፈጥራል፤ ሁለቱም ሳንባን ይጎዳሉ።

የማልመክራቸው ቦታዎችም አሉ። የሱፍና የሐር ልብስ አልካሊ አይወድም። በሰም የተወለወለ ጣውላና ቆዳ ይጎዳሉ። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባም። ማዕድን በበዛበት ውሃ ልብስ ካጠቡበት ዝቃጩ በጨርቁ ውስጥ ይቀመጥና ፎጣው ውሃ መምጠጥ ያቆማል፣ ነጭ ልብስም ይደበዝዛል። ሶዲየም ካርቦኔት (የልብስ ማጠቢያ ሶዳ) ቀድሞ ውሃው ውስጥ ቢሟሟ ይረዳል፤ ውሃው በጣም ከባሰ ግን ለልብስ ሌላ ማጽጃ መያዝ ይሻላል፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከዕፅዋት ስለተሠራ አይጎዳም ማለትም አይደለም። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፤ ሕፃናት ከማይደርሱበት ያስቀምጡት። ድመት ካለዎት የሻይ ዛፍ ዘይት ሽታ የተጨመረበትን አይግዙ፤ ያ ዘይት ለድመት መርዝ ነው። በውሃ የቀጠነው ሳሙና ሲቆይ ስለሚበላሽ በመርጫ ጠርሙስ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ብቻ ያዘጋጁ። በብርድ ጊዜ ፈሳሹ ቢደፈርስ ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ያቁሙት፣ ይመለሳል።

የጠርሙሱን ሙከራ ሠርተው ያዩትን ይጻፉልን፤ ለልብስ ማጠቢያ የሚሆነውን መጠን ከዚያ ተነሥተን እንተምናለን።