ስካውቱ ያያሉ፣ እኔ አላይም

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

ተወልጄ ያደግኩት አርባ ምንጭ ነው። የዱር እንስሳት ተምሬ መጀመሪያ የሠራሁትም እዚያው ቆላ ነበር። ነጭ ሳር ላይ የሜዳ አህያ ከሩቅ ይታያል፤ ቆጥሮ መመለስ ነው። አሁን ባሌ ተራሮች፣ ቀይ ቀበሮ ክትትል ላይ ተቀጥሬያለሁ። ሳነቴ የሚባለው ከፍተኛ አምባ ላይ ስንወጣ ራሴን ይፈልጠኛል፣ እህል አልቀምስም። «የቆላ ልጅ አልቻለችም» እንዳልባል ለአለቃዬ አልተናገርኩም።

የባሰው ሌላ ነው። አብረውኝ የሚወጡት ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ ማለት ነው፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው «ያውና!» ይላሉ። እኔ ባይኖኩላር ይዤ ባፈጥ ባፈጥ፣ ድንጋይ ብቻ። የታየ ቀበሮ የሚመዘገብበትን ቅጽ የምሞላው ደግሞ እኔ ነኝ። ታየ ልበል፣ አልታየም ልበል? ኦሮምኛ አልችልም። በወረቀት ኃላፊያቸው እኔ ነኝ፣ ግን ምኑን ልምራቸው?

የአርባ ምንጯ

የኔ ልጅ፣

በራስ ምታቱ እንጀምር፤ እሱ ቀልድ አያውቅም። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሳነቴ 4,000 ነው። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን በባህር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ደግሞ ጉብዝና አይሞላውም። ለጊዜው ቀን ወጥተሽ ማታ ዲንሾ ወይም ጎባ ወርደሽ እደሪ። ራስ ምታቱ ካልለቀቀሽ ከፍታ አትጨምሪ። ቁጭ ብለሽ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ወይም ሳትጠጪ ከተንገዳገድሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ነው። ለአለቃሽ ዛሬውኑ ንገሪ። ተራራ ላይ ራሷን የምትስት ሠራተኛ ከምታማርር ሠራተኛ የበለጠ ታስቸግረዋለች።

ወደ ዓይንሽ እንምጣ። ቀበሮ ከመፈለግሽ በፊት ፍልፈል ፈልጊ። ትልቁ የባሌ ፍልፈል ከባሌ በቀር የትም የለም፤ ለቀበሮው ዋና ቀለቡ እሱና የሜዳው አይጦች ናቸው። ሌሊቱ ስለሚበርድ አይጦቹ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ይወጣሉ። ቀበሮውም በቀን፣ ብቻውን ያድናል። ስለዚህ አዲስ የተቆፈረ አፈር ያለበት ሜዳ ፊት ለፊት ቁጭ በይና ጠብቂ። ፍልፈሉ ጭንቅላቱን ብቅ ያደርጋል፣ በአፉ የሚደርስበትን ሣር ይሸመጥጣል፣ ይገባል። ቀበሮው ሆዱን መሬት አስነክቶ ይሳባል፤ ያኔ ድንጋይ ነው ብለሽ ታልፊዋለሽ። እየሄደ ሳለ ግን ጉሮሮው ላይ ያለው ነጭና የጭራው ጥቁር ያጋልጡታል። በባይኖኩላር ከቀኝ ወደ ግራ ቃኚ። በለመድነው በኩል ስናነብም ስናይም እየዘለልን ነው። ጠዋትና ማታ ደግሞ ቤተሰቡ ይሰበሰባል፣ ይላላሳል፣ ይጮኻል፣ ወሰኑን ይዞራል። ቁጥር የምትፈልጊ ከሆነ ሰዓትሽ ያ ነው።

ቅጹን በተመለከተ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው አይጠይቅም። ያላየሽውን አየሁ አትበይ። ስካውቱ አይተው አንቺ ካላየሽ «በስካውት የታየ» ብለሽ በማስታወሻው ላይ ጻፊ። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሻ ተላልፎ እዚያው ባሌ ያለው ዌብ ሸለቆ ሲገባ፣ እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛው ገደማ አለቀ። ወረርሽኙ እንዳይስፋፋ የተደረገው በዙሪያው ያሉትን ቀበሮዎች እየያዙ በመከተብ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ የሚታወቀው ትናንት የነበረው ቀበሮ ዛሬ ሲጠፋ ነው። አንቺ ለይሉኝታ «ታይቷል» ብለሽ ከሞላሽ፣ የሞተውን በሕይወት አስቀመጥሽው ማለት ነው። ባዶ መስመር አያሳፍርም።

ስለ ስካውቱ የምለው አጭር ነው። ቅጹ ያንቺ፣ መንገዱ የሳቸው ይሁን። «አንቱ» በያቸው፤ ኦሮምኛውን እስክትለምጂ በአማርኛም ቢሆን። «ያውና» ሲሉ ጭንቅላትሽን አትነቅንቂ፤ «ኤሳ ጅራ?» ብለሽ የት እንዳለ ጠይቂያቸው። ከየትኛው ጅብራ (ያ ረጅሙ የደጋ ተክል) በስተግራ፣ ከየትኛው ድንጋይ በላይ? ምልክት የሚሆኑ ጉብታዎችን አብራችሁ ስም አውጡላቸው፣ ሥራው በግማሽ ይቀላል። እረኛ ስታገኚም ስለ ቀበሮ ከመጠየቅሽ በፊት ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቂ። እኛ አዲስ አበባ ሰላምታ ማሳጠር ጀምረናል፤ እዚያ ግን ቸኩሎ የሚያልፍ ሰው ንቆን ነው ይባላል። ውሻ ታሞ እንደሆነ መጀመሪያ የሚያውቀውም እረኛው ነው።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር አለ። የሞተ ቀበሮ ወይም ውሻ ካገኘሽ በባዶ እጅሽ አትንኪ፤ ቦታውን መዝግበሽ አሳውቂ። አንቺስ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ተከትበሻል? ካልተከተብሽ ቀጣሪሽን ነገ ጠይቂ፣ ከመስክ በፊት።