አውራ ጣቴን ያለ ቀዶ ሕክምና ማዳን እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ54 ዓመት ሴት ነኝ። ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ እያጸዳሁ ነው የምኖረው። የቀኝ እጄ አውራ ጣት ከስሩ፣ የእጅ አንጓዬ አካባቢ ያመኛል። የዓሣውን ቆዳ በሁለት ጣቴ ይዤ ስስብ እንባዬ ይመጣል። ልብስ መጭመቅማ ትቻለሁ። ራጅ ተነሥቼ «መገጣጠሚያው ተበልቷል» አሉኝ። አንዱ ኦፕራሲዮን ይላል፣ ሌላው ቻይው ይላል። ከፋርማሲ የገዛሁት ማሰሪያ አንጓዬን ጠፍሮ ቢላ እንኳ አያስይዘኝም። በልክ የሚሠራ አለ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ይረዳል?
የዓሣ ነጋዴዋ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ አዎ፣ ይረዳል። ቻይው ያለዎት ሰው ልክ አይደለም። ወደ ኦፕራሲዮን ከመሄድዎ በፊትም ገና ብዙ የሚሞከር ነገር አለ።

የሚያምዎት መገጣጠሚያ ቅርጹ ኮርቻ ይመስላል። አውራ ጣት እንደልቡ የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው። ግን ከባድ ጫና የሚያርፈውም እዚሁ ነው። በጣት ጫፍ በ1 ኪሎ ኃይል ቆንጠጥ ስናደርግ፣ ስሩ ላይ ወደ 12 ኪሎ የሚጠጋ ጫና ያርፋል። የሚያንሸራትት የዓሣ ቆዳ ደግሞ ጥብቅ አድርገው ካልያዙት አይላጥም። ጣትዎ ቀኑን ሙሉ ምን ተሸክሞ እንደሚውል ያስቡት። ሕመሙ ሴቶች ላይ፣ በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ይበዛል።

የፋርማሲው ማሰሪያ ያልረዳዎት የእርስዎ ችግር አንጓ ስላልሆነ ነው። በልክ የሚሠራው ስፕሊንት (ጠንካራ የፕላስቲክ ድጋፍ) የሚይዘው የአውራ ጣቱን ስር ብቻ ነው። አንጓውንና የጣቱን ጫፍ ነፃ ይተዋል። እኔ ስሠራው ስስ የፕላስቲክ ሉህ በእጅዎ ልክ እቆርጣለሁ። ወደ 70 ዲግሪ በሞቀ ውኃ ውስጥ ሳስገባው እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። አድርቄ፣ ለቆዳ የሚመች ሙቀት ላይ ሲደርስ፣ እጅዎን ብርጭቆ እንደያዘ አድርጌ፣ ፕላስቲኩን አስቀምጥበትና በመዳፌ እጫነዋለሁ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጠነክራል። ከዚያ አውራ ጣትዎ የሌባ ጣትዎን ጫፍ መንካት አለበት። ካልነካ እንዲስተካከል ይጠይቁ፤ አያፍሩ። አውልቀው ግማሽ ሰዓት ቆይቶም የማይጠፋ ቀይ ምልክት ካለ የሚጫንዎት ቦታ አለ ማለት ነው። መልሶ በማሞቅ ይስተካከላል።

አንድ አደራ አለኝ። ወደ ፊዚዮቴራፒ ወይም የአካል ድጋፍ ወደሚሠራበት ቦታ ሲሄዱ ቢላዎን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ይሂዱ። ስፕሊንቱ ቢላ ይዘው ካልተሞከረ ቤት ገብቶ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሥራ ላይ ከላዩ ሰፋ ያለ ጓንት ያድርጉ፤ ማታ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጥበው እጅዎንም እሱንም ያድርቁ። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አይተዉት፤ ቅርጹን ያጣል።

ስፕሊንቱ የተበላውን መገጣጠሚያ መልሶ አያበቅልም፤ ሕመሙን ነው የሚቀንሰው፤ እሱም ቶሎ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ 112 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በልክ የተሠራውን ማታ ማታ ያደረጉት ሰዎች በመጀመሪያው ወር ካላደረጉት አልተለዩም። ዓመት ሲሞላ ግን ሕመማቸው በግልጽ ቀንሶ ነበር። ስለዚህ በሳምንቱ ተስፋ ቆርጠው እንዳይጥሉት።

ሥራውንም ያቅልሉት። ቆዳውን በጣት ሳይሆን በፒንሳ ይዘው፣ በሙሉ ጭብጥ ይሳቡት። የቢላውን እጀታ በጎማ ጠቅልለው ያወፍሩት። ሕመሙ ጋብ ሲል ደግሞ ሌባ ጣትዎን ወደ አውራ ጣቱ በኩል እየገፉ፣ በሌላው እጅዎ ይከልክሉት። በሁለቱ መካከል ያለው ጡንቻ ሲጠነክር መገጣጠሚያውን ይደግፋል።

የሚቀባ ዲክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) ከሚዋጠው ይሻላል፤ በተለይ ጨጓራ፣ ግፊት ወይም ኩላሊት ካለብዎት የሚዋጠውን ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ። ጠዋት እጅዎ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚገትርዎት ወይም ሌሎች ጣቶችዎ የሚያብጡ ከሆነ ግን ሌላ ዓይነት የመገጣጠሚያ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ ስፕሊንቱን ከማሠራትዎ በፊት የደም ምርመራ ይደረግልዎት።