ሾክ አብዘርበሩ ተቀይሮም የፊት እግሩ ለሚንኳኳ መኪና

ወንድማችን የጠየቀው ይህንን ነው፦ "የመኪናዬ የፊት እግር ኮረትና ትንንሽ ጉድጓድ ላይ ቋ ቋ ይላል። ሁለቱንም የፊት ሾክ አብዘርበር ቀየርኩ፣ ድምፁ ግን አልጠፋም። ጋራዥ በክሪክ አንስተው ነቅንቀው አዩትና ሁሉም ደህና ነው አሉኝ። አሁን ምን ልቀይር?"

ለጊዜው ምንም አትቀይር። መጀመሪያ የሚንኳኳው የቱ እንደሆነ ይታወቅ። በክሪክ ተነስቶ ዝም አለ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። የእግር ክፍሎች አንዳንዶቹ ልቅነታቸው የሚታየው መኪናው በጎማው ቆሞ ነው፤ ሌሎቹ ደግሞ ጎማው ተንጠልጥሎ ነው። ሁሉንም በአንድ ዓይነት አቋም ያየ ሰው ግማሹን አላየም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነው።

ከምርመራው በፊት ግን የጎማ ዳዶዎቹ መጥበቃቸውን አረጋግጥ። የላላ ዳዶም ይንኳኳል፣ ከሁሉም የከፋ አደጋ ያለውም እሱ ነው። ቀጥሎ ክሪኩንና የጎማ መፍቻውን ከመኪናው አውጣ። ድምፅ በቦዲ ውስጥ ይጓዛል፤ ከፊት የመጣ የሚመስለው ከኋላ፣ ከግራ የመጣ የሚመስለውም ከቀኝ ሊሆን ይችላል።

አሁን አንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ፈልግ። በእርምጃ ፍጥነት ቀጥ ብለህ፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች እኩል አውጥተህ እለፈው። ከዚያ ተመለስና በሰያፍ እለፈው፣ አንዱ ጎማ ቀድሞ ይውጣ። ቀጥ ስትል ዝም ካለና በሰያፍ ስትወጣ ከተንኳኳ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የስታቢላይዘር ሊንክ ነው። ስታቢላይዘር ከግራ እግር ወደ ቀኝ እግር የሚያልፍ ወፍራም ዘንግ ነው። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሱ ዝም ብሎ አብሯቸው ይዞራል። አንዱ ብቻ ሲነሳ ግን ይጠመዘዛል፣ ጉልበቱም በሁለት ጫፉ ባሉት ሊንኮች (ዘንጉን ከእግሩ ጋር የሚያያይዙት አጫጭር ዘንጎች) ላይ ያርፋል። ኮረት መንገድ ደግሞ ጎማዎቹን እኩል አያነሳም፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። አንተ የገለጽከው ድምፅ ከዚህ ጋር በጣም ይሄዳል።

ታዲያ ጋራዥ ውስጥ ለምን አልተገኘም? አንዱን ጎን ብቻ በክሪክ ስታነሳ ስታቢላይዘሩ ተጠምዝዞ ሊንኩን ይወጥረዋል። የተወጠረ ሊንክ በእጅ ብትነቀንቀው ንቅንቅ አይልም። ያለቀውም አዲስ ይመስላል። ስለዚህ መኪናው በአራት ጎማው ይቁም፣ ከሥሩ የሚገባበት የጋራዥ ጉድጓድ ወይም መወጣጫ ካለ እዚያ ላይ። እጅህ የሚደርስ ከሆነ የሊንኩን ኳስ ያለበትን ጫፍ በሁለት ጣት ያዝ። ሌላ ሰው የመኪናውን ጥግ ይዞ ወደ ታች ይጫን፣ ይልቀቅ። ያለቀ ሊንክ ከጆሮህ በፊት ለጣትህ ይናገራል፤ ትንሽ "ቀጭ" የሚል ምት ይሰማሃል። አንዴ ከተሰማህ አትረሳውም። ዘንጉ ሻንሲው ላይ የታሰረባቸውን ሁለት ጎሚኒዎችም (የላስቲክ ማቀፊያዎች) አብረህ እይ። ጎሚኒው ሰፍቶ ዘንጉ ውስጡ ከተጫወተ ድምፁ ከሊንክ ጋር ይመሳሰላል፣ ትንሽ ወፈር ይላል እንጂ።

ቀጥ ብለህም ስትወጣ ከተንኳኳ ግን አዲስ ወደ ገጠምከው ሾክ ተመለስ። ዕቃው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ አገጣጠሙን ነው የምጠረጥረው። ኮፈኑን ክፈትና መዳፍህን የሾኩ ራስ ላይ አድርግ። አንድ ሰው መኪናውን ይወዝውዝ፣ ቀጥሎ መሪውን ወደ ግራና ቀኝ ያዙር። የመሀሉ ዳዶ ሳይጠብቅ ቀርቶ ከሆነ ምቱ መዳፍህ ላይ ይመጣል። ይህ ዳዶ ብዙ ጊዜ ያታልላል፤ ሲጠብቅ የሾኩ ዘንግ አብሮ ስለሚዞር የጠበቀ ይመስላል። አሮጌው የላይኛው መቀመጫ ጎማና ኩሽኔታ ተመልሶ ከተገጠመም ድምፁ ይቀጥላል። ቆመህ መሪ ስታዞር ሞላው ተጠምዝዞ በድንገት "ድንግ" ብሎ ከተፈታ ኩሽኔታው አልቋል። ሞላውንም እስከ ታች ተከትለህ እየው። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው የመጨረሻው ዙር ነው፣ መቀመጫው ውስጥ ተደብቆ በጭቃ ስለሚሸፈን ማንም አያየውም። ጭቃውን ጥረግና በባትሪ አብራበት። ጣትህን ግን በሞላው ዙሮች መሀል አታስገባ።

በዚያው ኮረት መንገድ ላይ በዝግታ እየሄድክ ፍሬኑን በስሱ ንካ። ድምፁ ወዲያው ከጠፋ ችግሩ ከእግሩ ይልቅ ፍሬኑ ጋ ሊሆን ይችላል፤ የፍሬን ሸራው ወይም ሸራውን የሚይዘው ካሊፐር ቦታው ላይ ይጫወታል። ምንም ሳይፈታ፣ አንድ ብር ሳይወጣ የሚሠራ ምርመራ ነው። ለምን ብዙ ሰው እንደሚዘለው አይገባኝም።

ፍሬን ስትይዝ አንድ ጊዜ "ድም"፣ በኋላ ማርሽ ሄደህ ስትይዝ ደግሞ ሌላ "ድም" የሚል ከሆነ የሎወር አርም (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ) ጎሚኒ ነው የምፈልገው፣ በተለይ የኋለኛውን። የጎሚኒው ላስቲክ የተሰነጠቀ እንደሆነ በረጅም ብረት አርሙን ገፋ ስታደርገው ስንጥቁ ይከፈታል። አንዳንዱ ጎሚኒ ውስጡ ፈሳሽ አለው፤ ሲቀደድ እርጥበት ይተዋል። ግን ማርሽ ከኋላ ወደ ፊት ስታስገባ ብቻ የሚመታ ከሆነ የሞተሩን መቀመጫ ጎማ እይ።

አሁን ወደ ባልጆይንት፣ አርሙን ጎማው ከሚዞርበት ክፍል ጋር ወደሚያገናኘው የኳስ መገጣጠሚያ። እዚህ ላይ ረጋ በል፣ ምክንያቱም እንደ ስታቢላይዘር ሊንክ ያሉት ቢቆዩ በአብዛኛው ጆሮ ነው የሚያሰለቹት። ባልጆይንት ከቤቱ ከወጣ ጎማው ይተኛል፣ መሪው ከእጅህ ይወጣል። ይህን ክፍል በተንጠልጣይ ጎማ ነው የምናየው፣ አቋሙ ግን እንደ መኪናው ይለያያል። ሞላው ሾኩ ላይ ያለበት መኪና ከሆነ ከሻንሲው አንሳው፣ ጎማው ነፃ ይንጠልጠል። ሞላው የታችኛው አርም ላይ የተቀመጠ ከሆነ ግን ክሪኩ ከአርሙ ሥር፣ ወደ ጎማው ተጠግቶ ይግባ። ያለዚያ ሞላው መገጣጠሚያውን አጥብቆ ስለሚይዘው ያለቀው ባልጆይንት ደህና ይመስላል። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው። ከተጫወተ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ተረግጦ ጨዋታው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ባልጆይንቱን ጠርጥር። ግራና ቀኝ ይዘህ ስትወዘውዝ ብቻ የሚጫወት ከሆነ ደግሞ የመሪውን ታይሮድ (መሪው ጎማውን የሚያዞርበት ዘንግ)፣ የውስጡንም የውጩንም እይ። ባልጆይንት ከተጠረጠረ ፍጥነት ያለው መንገድ ላይ አትውጣ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥርም አትግባ፤ ማቆሚያ ደግፍ፣ የኋላውን ጎማ በታኮ ያዝ።

መሪ እስከ መጨረሻው ዞሮ ነዳጅ ስትሰጥ "ቀጭ ቀጭ ቀጭ" የሚለው የሲቪ ጆይንት (የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያ) ነው። ብዙውን ጊዜ ላስቲኩ ተቀዶ ግራሱ የጎማው የውስጥ ገጽታ ላይ ተረጭቶ ታገኘዋለህ።

ጥፋተኛው ተገኝቶ ሲቀየር ደግሞ አንድ ነገር ለመካኒኩ አስታውስ። የሎወር አርም ጎሚኒ ብሎኖች የመጨረሻው ማጥበቂያቸው መኪናው በጎማው ቆሞ፣ በተለመደው ከፍታው ላይ ሆኖ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ፣ መኪናው ሲወርድ የጎሚኒው ላስቲክ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ አዲስ የነበረው ጎሚኒም ቶሎ ይቀደዳል። ታይሮድ ወይም ሎወር አርም ከተነካ ደግሞ ጎማው አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ይሠራለት።