ለሰርተፍኬቱ አትክፈይ፣ ሞዴሉን ሥሪ

እህቴ፣ በጂኦሎጂ ተመርቀሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከመሬት በታች ማከማቸትን በኮምፒውተር ሲሙሌሽን የሚያስተምር የስድስት ሳምንት የኦንላይን ሥልጠና እንዳገኘሽ ጽፈሻል። ክፍያውን አሜሪካ ያለው ወንድምሽ ሊልክልሽ ነው፤ እናትሽ ደግሞ ባንክ ግቢ ይሉሻል። ኮዲንግም ያስፈራሻል።

ወንድምሽን ገንዘቡን እንዳይልክ ንገሪው። ሰርተፍኬት ቤተሰብን ያስደስታል፤ ቀጣሪ የሚጠይቅሽ ግን ምን ሞዴል እንደሠራሽና ውጤቱን በምን እንዳመንሽው ነው። ይህን ያለ ክፍያ መማር ይቻላል። ኦፒኤም ፍሎው ነፃ ሲሙሌተር ነው፤ ውጤቱን የምታዪበት ሬዝኢንሳይትም ነፃ ነው። ዊንዶውስ ከሆነ ያለሽ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሲስተም በውስጡ ጫኚ።

ቀላል ሞዴል ይዘሽ ጀምሪ፦ 1,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ፣ ጨዋማ ውሃ የያዘ የአሸዋ ድንጋይ፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ግፊቱ 100 ባር። እዚህ ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ እፍጋት በሜትር ኩብ ወደ 630 ኪሎ ግራም መሆን አለበት። ከዚህ የራቀ ቁጥር ካየሽ የሙቀትና የግፊት መረጃሽን ሳታርሚ አትቀጥዪ። በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን አስገቢ። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ በሞዴሉ ፋይል ውስጥ ጉድጓዱን በሚገልጸው መስመር ላይ የሚጻፈው ክብደት ሳይሆን በገጸ ምድር ሁኔታ የተለካ ይዘት ነው፦ በቀን 1.47 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ።

ግፊቱ ያለልክ ከናረ የሞዴልሽ ዳር ተዘግቶ ነው። እውነተኛው ድንጋይ በጣም ሰፊ ስለሆነ የዳር ሴሎቹን (ሴል ማለት ሞዴሉ የተከፋፈለበት ትንሽ ሳጥን ነው) የቀዳዳ ይዘት፣ ማለትም በድንጋዩ ውስጥ ፈሳሽ የሚይዘውን ቦታ፣ በብዙ እጥፍ አሳድጊ።

ከሁሉ የሚብሰው የሴል ውፍረት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከጨዋማው ውሃ ስለሚቀል ወደ ላይ ወጥቶ ከጣሪያው ድንጋይ (ከላይ ከሚዘጋው፣ ፈሳሽ ከማያሳልፈው ድንጋይ) ሥር በስሱ ይዘረጋል። የላይኛው ሴል 10 ሜትር ከሆነ ሲሙሌተሩ በመላው ሴል ያዳርሰዋል፤ ስለዚህ ከእውነቱ ያነሰ የተጓዘ፣ ከእውነቱ የበለጠ የሟሟ ይመስላል። በ10፣ በ5 እና በ1 ሜትር ደጋግመሽ አስኪጂው፤ ልዩነቱንና ምክንያቱን በአንድ ገጽ ጻፊ። ያን ገጽ የሚያነብ ባለሙያ ችሎታሽን ይለያል።

ከዚያ ወደ ስላይፕነር እለፊ። ኖርዌይ ከ1996 ጀምሮ በሰሜን ባሕር ወለል ሥር ጋዙን የምታስገባበት ቦታ ነው፤ የሞዴሉ መረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው።

ስለ ኮዲንጉ፦ የሞዴሉ ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፤ ፓይተን የተባለው የኮዲንግ ቋንቋ የሚያስፈልግሽ ግራፍ ለመሣል ነው።

እናትሽን አከብራለሁ፣ የወር ደመወዝም ግድ ነው። ባንክ መስኮት ላይ ሁለት ዓመት ከቆየሽ ግን ጂኦሎጂው ይረሳሻል። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚቀጥርሽ ድርጅት አገር ቤት አትጠብቂ፤ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ወይም የእንፋሎት ኃይል ፍለጋ ውስጥ ግቢ። ፓምፒንግ ቴስት (ከጉድጓድ ውሃ እየሳቡ የውሃውን ከፍታ ለውጥ መለካት) መተንተንና ሞድፍሎው የተባለውን ነፃ የከርሰ ምድር ውሃ ሞዴል ፕሮግራም መጠቀም እዚያው ትለምጃለሽ፤ ፈሳሽ በድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥ እንዴት እንደሚፈስ የሚገልጸው የዳርሲ ሕግ ለውሃውም ለካርቦን ዳይኦክሳይዱም አንድ ነው።

የወንድምሽ ገንዘብ ለእንግሊዝኛ ፈተናና ለማስተርስ ማመልከቻ ይቆይ። ለፕሮፌሰሮች ስትጽፊ ያችን አንድ ገጽ አያይዢ።