የሽንኩርት መደቤን ሣር ወረሰው፤ ምን ልርጭ?

ጥያቄው የመጣው ከመራዊ አካባቢ ካሉ እናት ነው፤ ልጃቸው በስልክ ጽፎላቸው። «ጓሮዬን ሣር ወረሰው። ቀይ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ተክያለሁ፤ በየሳምንቱ እኮተኩታለሁ፤ ባረምኩት ቁጥር ግን ይብሳል። ውሃ ተራዬ በደረሰ ቁጥር አጠጣለሁ፤ ሽንኩርቱ ግን ቀጭጮ ቀረ። ጎረቤቴ መድኃኒት ርጪበት ይለኛል። የትኛውን ልግዛ?»

እትዬ፣ የሣሩን ስም አልነገሩኝም። ግን «ባረምኩት ቁጥር ይብሳል» ያሉት በቂዬ ነው። በዘር ብቻ የሚበቅል አረም በየጊዜው ሲታረም እየሳሳ ይሄዳል። ሲታረም የሚበዛው ከመሬት በታች የሚሄድ ነው፤ በመስኖ በሚለማ ጓሮ ውስጥ ይህን የሚያደርገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰርዶ ነው። ለማረጋገጥ አንዱን ከነሥሩ ያውጡና ግንዱን በሁለት ጣትዎ መካከል ያሽከርክሩት። ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከተሰማዎት፣ ከሥሩም ትንሽ ድቡልቡል ነገር ካለች፣ እንግጫ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ መልሰው ይጻፉልኝ፣ አያያዙ ይለያል። ክብ ከሆነ፣ አንጓ አንጓ ካለው፣ ከመሬት በታች ያለው ክፍል ነጭና ጠንካራ ሆኖ ጫፉ ከሾለ ሰርዶ ነው። እኔ ሰርዶ ነው ብዬ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ስለ መድኃኒቱ። ጎረቤትዎ ያሰቡት ቱፎርዲን ከሆነ ገንዘብዎን አያውጡ። ቱፎርዲ ጤፍና ስንዴ ውስጥ የሚረጨው ጤፉና ስንዴው ራሳቸው የሣር ዘር ስለሆኑ ነው፤ ሰፊ ቅጠሉን አረም ገድሎ እነሱን ያልፋል። ሰርዶም ሣር ነውና እሱንም ያልፈዋል። የሚጎዳው ጎመንዎን ነው፤ ነፋስ ከወሰደው ደግሞ የጎረቤትን ቲማቲም። ግላይፎሴት ሰርዶን ይገድላል፣ ግን ያገኘውን አረንጓዴ ነገር ሁሉ አብሮ ስለሚገድል አትክልት በቆመበት መደብ ላይ የሚታሰብ አይደለም።

አሁን አንድ ነገር ልናገር፣ አይቀየሙኝ። በየመስኖው ሰፈር የማየውና የሚያበሳጨኝ ነገር አለ። ጠዋት በዶማ ይቆፈራል፣ ሰርዶው ይከታተፋል፣ ከሰዓት የውሃ ተራ ደረሰ ተብሎ እዚያው ላይ ውሃ ይለቀቃል። ይህ ማረም አይደለም፣ ሰርዶ መትከል ነው! የተቆረጠው እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ አንጓ ካለው ራሱን ችሎ ይበቅላል፤ እርጥብ አፈር ካገኘ በቀናት ውስጥ ይይዛል። የተለቀመውን እርጥቡን ቦይ ዳር መጣልም እንዲሁ ነው፤ ውሃው ይዞት ወደ ታች መደብ ይወርዳል። ፍግ ክምር ላይ ከጣሉት ደግሞ ከፍጉ ጋር ተመልሶ ይመጣል።

የሰርዶ ጠላቱ የበጋ ፀሐይ ነው፤ እሱ ደግሞ በነጻ አለ። ሁሉንም መደብ በአንዴ አይንኩ። ክፉኛ የተወረረውን አንዱን ይምረጡ፤ ሽንኩርቱ እንደሆነ ቀጭጯል፣ ነቅለው ለወጥ ያድርጉት። ከዚያ ውሃ ይከልክሉት። አፈሩ ደርቆ በጓል በጓሉ የሚነሳ ሲሆን፣ በስለታም ዶማ ከመክተፍ ይልቅ ጣት ባለው መቆፈሪያ ከሥር ገብተው ይገልብጡት። አንድ ስንዝር ያህል መውረድ አለበት፤ ብዙው ሥር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ጓሉን አይከስክሱት። እንዳለ ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ይምታው። ከዚያ ጓሉን እያራገፉ ሥሩን ይልቀሙ። አንዱን ሰብረው ይሞክሩት፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረና ውስጡ ደረቅ ከሆነ ሞቷል፤ ከተለመጠ ገና ሕይወት አለው፣ ፀሐይ ላይ ይቆይ። በደንብ የደረቀውን ማንደድ ይችላሉ። ለምለሙን ቅጠል ለከብት ይስጡ፣ ይወዱታል።

በአንድ ጊዜ አያልቅም። ተሰብሮ የቀረ አይጠፋምና መደቡን አንድ ጊዜ ያጠጡት። አዎ፣ ሆን ብለው ያብቅሉት። የተረፈው አዲስ ቅጠል የሚያወጣው ሥሩ ውስጥ ካስቀመጠው ስንቅ ነው፤ ቅጠሉ አድጎ ስንቁን ከመመለሱ በፊት፣ ሦስት አራት ጣት ሲሆን፣ እንደገና ውሃ ከልክለው ይገልብጡት። ይህን እስከ ሚያዝያ ሁለት ሦስት ጊዜ ከደጋገሙት ሥሩ እየቀጠነ ሲሄድ በዓይንዎ ያዩታል። ሥራው ይከብዳል፣ አልዋሽዎትም፤ ወንፈል የሚገቡበት ጎረቤት ካለ አንድ መደብ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ክረምት ከገባ በኋላ ግን አይሞክሩት፤ በእርጥብ አፈር መገልበጥ ማባዛት ነው።

ዳሩንም አይርሱ። ሰርዶ መደብ ውስጥ የሚገባው ከአጥርና ከመሄጃው በመሬት ላይ እየተሳበ ነው። በመደቡ ዙሪያ አንድ ስንዝር የሚሆን ጠባብ ቦይ ያውጡና በየሳምንቱ የሚሻገረውን እየጎተቱ ያውጡ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚሠራው ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ ቶሎ ወደ ሽንኩርት አይመለሱ። የሽንኩርት ቅጠል ቀጭን ነው፣ መሬቱን አይሸፍንም፤ ሰርዶ ደግሞ ፀሐይ ካገኘ ይነሳል፣ ጥላ ከሆነበት ይደክማል። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲጀምር ዱባ ይዝሩበት፤ ጉድጓዱ ውስጥ የበሰለ ፍግ አግብተው፣ ሳያራርቁ። ሐረጉ መሬቱን እስኪሸፍን ብቅ የሚለውን በእጅ ይልቀሙ፣ ከሸፈነ በኋላ ዱባው ራሱ ይሠራል። ዱባውን ሰብስበው መሬቱ ሲራቆት አንድ ጊዜ ያጠጡና አሥር ቀን ይጠብቁ። የወጣ ሰርዶ ካለ እዚያው ከነሥሩ ያውጡት። ካልወጣ የሽንኩርት ችግኝዎን ያዛውሩበት፣ ቀጣዩንም መደብ መገልበጥ ይጀምሩ።